የጳጉሜን ልጆች

ማንጠግቦሽ ዘካርያስን «እርስዎ» ብላ ከጻፈችለት ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው።

ከዚያ በፊት «አንተ» ነበር። «አንተ» ብቻም አይደለም፤ ወገዳ ገበያ ዳር ቆመው አንድ ሸንኮራ ለሁለት ሲግጡ «አንተዬ» እስከ መባል የደረሰ ሰው ነበር። ያንን ሰው ቁጥርና ቀን ባለው፣ ከግርጌው «ግልባጭ» በተጻፈበት ደብዳቤ «እርስዎ» አለችው። አክብሮት እንደ ጥፊ እንደሚያቃጥል የሚያውቅ ከሚወደው ሰው የተቀበለው ብቻ ነው።

ማንጠግቦሽ የወገዳው እህል ነጋዴ የአቶ ሞላልኝ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ተቀምጣ በሕዝብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። የመመረቂያ ጥናቷ የስማዳ ሕፃናት ምን ያህል እንደቀነጨሩ የሚመረምር ነው። ለዚህ ደግሞ የሕፃኑ ቁመት ብቻውን አይበቃም፤ የተወለደበት ቀን የግድ ያስፈልጋል። ቤት ለቤት እየዞሩ የሚለኩና የሚጠይቁ አምስት መረጃ ሰብሳቢዎች መለመለች። አምስተኛው ዲያቆን ዘካርያስ ነበር፤ ቤተ ልሔም በምትባለው ደብር የሚያስተምሩት የዜማ መምህር የመርጌታ ገብረ መድኅን ልጅ።

ሥልጠናው ላይ አራቱ ምሳ በስንት ሰዓት እንደሆነ ሲጠይቁ እሱ እጁን አወጣ።

«እናትየው ቀኑን ባታውቅ፣ በዓሉን ግን ብታውቅ፣ በዓሉን አስልቼ ቀን ላድርገው?»

ማንጠግቦሽ ከወረቀቷ ቀና ብላ አየችው። ቀና ባለችበት ቀረች ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ስማዳን ቀበሌ ለቀበሌ ሲያዳርሱ፣ እሷ የእሱን ቡድን «ለመቆጣጠር» የሄደችበት ቀን የሌሎቹ አራቱ ተደምሮ አይደርስበትም። መርጌታ ወሬው ሲደርሳቸው፣ «ሱሪ ለብሳ ቁጥር የምትለቅም የነጋዴ ልጅ ለዜማ ቤት አትሆንም» ብለው አንዴ ተናገሩ፤ ዳግም አልተናገሩም። እሳቸው አንዴ ያሉት ይበቃል ብለው ያምናሉ። ዘካርያስ ግን አባቱን እያከበረ፣ ማንጠግቦሽንም እየወደደ፣ በሁለት ቢላ መሀል እንደገባ ሰው ዝም ብሎ ቆየ።

የተሰበሰበው መረጃ የሚተነተነው «አር» በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ነው። አር ወሬ አይወድም። ትእዛዝ ይጽፉለታል፣ ይመልሳል። መልስ ያጣበት ቦታ ላይ ሁለት የፈረንጅ ፊደል ጣል ያደርጋል፤ ኤን ኤ። «እዚህ ምንም የለም» ማለቱ ነው። ማንጠግቦሽ የምታሠራቸው ትእዛዞች የራሷ አልነበሩም። ከአማካሪዋ ተቀበለች፤ አማካሪዋ ከጓደኛው፣ ጓደኛው ባሕር ማዶ ካሠለጠነው ሰው። ሁሉም ተቀባበሉት፤ ውስጡን ከፍቶ ያየው አልነበረም። የሚሠራ ነገር ምን ብሎ ይከፈታል?

ከአምስቱ ሰብሳቢዎች አራቱ የመዘገቧቸው ሕፃናት የልደት ቀን ሙሉ ሆኖ ወጣ። የዘካርያስ ግን ዘጠኝ ቦታ ላይ ኤን ኤ።

«ይቺ የዲያቆኑ ናት አይደል?» አላት አማካሪዋ፣ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብሎ። «ባዶ የሚተወው ያልጠየቀ ነው። ቤቱን ያልረገጠ ነው። የሱን ቀበሌዎች በሙሉ አውጪያቸው።» ቀጥሎ ፈገግ አለ። «ወይስ ለሱ የተለየ ዓይን አለን?»

ያቺ ፈገግታ ናት ጉድ የሠራቻት። የተለየ ዓይን እንደሌላት ለማሳየት የባሰ ዓይን ጣለችበት። መጠይቆቹን እንዳታገላብጥ አማካሪዋ የተቀመጡበትን ቢሮ ቆልፎ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄዷል። ዘካርያስን ደውላ እንዳትጠይቀው ድምፁን ስትሰማ እንደምትለሰልስ ራሷን ታውቃለች። መለሳለስ ፈራችና ጻፈች፤ «ስማቸው ከዚህ ጋር የተያያዘው የዘጠኝ ሕፃናት የልደት ቀን ባዶ ስለሆነና ቤቶቹን ሳይረግጡ የሞሉ መሆኑ ስለተገመተ፣ እርስዎ የሰበሰቡት የሦስት መቶ ሰማንያ ሕፃናት መረጃ በሙሉ ከጥናቱ ወጥቷል።» ግልባጭ ለአማካሪዋ። ግልባጭ ለአራቱ መረጃ ሰብሳቢዎች።

ደብዳቤውን ልካ ስትተኛ ልቧ ቀጥ ብሎ የቆመላት መስሏት ነበር። የቆመው ግን እንደ ሐውልት ነው፤ ቀዝቅዞ።

*

ዓርብ ከምሳ በኋላ አብራት የምትኖረው ጌጤ ፖስታ እያወዛወዘች ገባች።

«እንኪ! እህቴን ልሸኝ መናኸሪያ ብሄድ የንፋስ መውጫው ሚኒባስ ሾፌር አወቀኝና ሰጠኝ። በዚህ ዘመን በሾፌር ደብዳቤ ይላካል? ስልክ የለውም ሰውየሽ?»

«ዘግቶታል።»

«ጽሑፉን እዪው እስቲ። ይሄ ፖስታ ነው ብራና?»

ማንጠግቦሽ ጽሑፉን ከሩቅ አውቃዋለች። እያንዳንዷ ፊደል እንደ ቆመ ካህን ቀጥ ያለች፣ እግሯ የጠቆረ። ስትከፍተው ጣቷ ወረቀቱን ቀደደው።

«ለእህቴ ለማንጠግቦሽ ሞላልኝ። ጤናሽን እመኛለሁ። ደብዳቤሽ እኔ እጅ ሳይገባ ወገዳ ላይ ተነቧል፤ ከወገዳ ቤተ ልሔም ለመድረስም ሁለት ገበያ አልፈጀበትም። አባቴ ‘ሳትጠይቅ ጻፍክ?’ አሉኝ። ጠይቄ ነው አልኳቸው። ደግመው አልጠየቁኝም።

«ባዶ ያልሻቸው ዘጠኙ ሕፃናት እነዚህ ናቸው። ከደብተሬ ገልብጬልሻለሁ።

«ርብቃ፣ የወይዘሮ መሰለች ልጅ። የሩፋኤል ዕለት ሴቶቹ ዝናቡን ሊጠመቁ ሲወጡ እናቷን ደጃፍ ላይ ምጥ ያዛት። ጳጉሜን 3 ቀን 2006።

«ኢዮብ። ‘ለዘመን መለወጫ ሁለት ቀን ሲቀረው’ አሉኝ። ጳጉሜን 4 ቀን 2005።

«ኢየሩሳሌም። ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት፣ በስድስተኛዋ ቀን። 2007። አያትየው ‘ይቺ ልጅ በአራት ዓመት አንዴ ነው የምታረጅ’ ብለው አሳቁኝ።

«ቸሬ። እናቱ ዓመተ ምሕረቱ ጠፋት፤ ፋሲካ ከሚካኤል ጋር የገጠመበት ዓመት መሆኑን ግን አልረሳችም። በባሕረ ሐሳብ አስልቼ አገኘሁት። ጥቅምት 30 ቀን 2006።»

እንዲህ እያለ ዘጠኙን ይዘረዝራል። መጨረሻው ላይ መስመሩ ጠበበ።

«ይህን የጻፍኩት ጥናትሽ ልጆቹን እንዲመልሳቸው እንጂ አንቺ እኔን እንድትመልሺኝ አይደለም። አባቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲለምኑኝ እሺ ያላልኩትን ባለፈው ሰኞ እሺ ብያለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች አንድ ካህን ቤት ልጃቸውን ሊጠይቁልኝ ይሄዳሉ። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ይሻላል ብዬ ነው። ውሸታም ብትይኝ እከራከርሽ ነበር። እርስዎ ስትይኝ ግን ከማን ጋር እንደምከራከር ጠፋኝ።»

«ምን ይላል?» አለች ጌጤ።

ማንጠግቦሽ ደብዳቤውን አቀበለቻት። ላፕቶፑን ከፍታ የርብቃን ቀን ራሷ ጻፈች። ሁለት ሺህ ስድስት፤ አሥራ ሦስት፤ ሦስት።

ኤን ኤ።

እጇ የተሳሳተ መስሏት ደገመችው። ኤን ኤ። ኢዮብ፤ ኤን ኤ። ኢየሩሳሌም፤ ኤን ኤ።

ያኔ ገባት፤ ሲገባትም ጆሮዋ ድረስ ጋለች። አር የሚያውቀው የፈረንጅን አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። መስከረምን እንደ መጀመሪያ ወራቸው፣ ጥቅምትን እንደ ሁለተኛ ወራቸው እያደረገ ዝም ብሎ ሲቆጥር ኖሯል። የልደቱም የመጠይቁም ቀን በእኛው አቆጣጠር ስለሆነ ሲቀናነሱ ዕድሜው ደህና ይመስላል፤ ማንም አልጠረጠረም። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲመጣበት ግን «የለም» አለ። ጥቅምት ሠላሳንም «የለም» አለ፤ የፈረንጅ ሁለተኛ ወር ሠላሳ አይሞላማ። የወይዘሮ መሰለችን ምጥ፣ የሩፋኤልን ዝናብ፣ የዘካርያስን ደብተር፣ ሁሉንም በሁለት ፊደል ባዶ አደረገው።

«ቆይ፣ ሌሎቹ አራቱ የመዘገቧቸው ሕፃናትስ ጳጉሜን ላይ አይወለዱም እንዴ?» አለች ጮክ ብላ።

«ምን?» አለች ጌጤ።

የእያንዳንዱን ሰብሳቢ የልደት ቀኖች በግራፍ አስወጣች። የአራቱ፣ መስከረም 1 ቀን ላይ የቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት የሚያህል ዓምድ ቆሟል። የስማዳ እናቶች ለእንቁጣጣሽ ጠዋት ቀጠሮ ይዘው ያማጡ ይመስላል። እናትየው «ዘመን መለወጫ አካባቢ» ባለች ቁጥር «መስከረም 1» ጽፈው ወደ ጎረቤት አልፈዋል። የዘካርያስ ግን ሜዳ ነው፤ አንዱ ቀን ከሌላው አይበልጥም።

ከአምስቱ አንድ የጠየቀ ሰው ነበር። ያባረረችው እሱን ነው።

«ጌጤ፣ ረጅም ቀሚስሽን አውሺኝ።»

«ወዴት ነው?»

«ቤተ ልሔም።»

«ሽማግሌ በተሰበሰበበት? ብቻሽን? ምን ልትዪ?»

«አላውቅም።»

ጌጤ ሁሌም የምትቀልድ ልጅ ናት። አሁን ግን ቀሚሱን ከመስቀያው አውርዳ፣ እጥፋቱን በመዳፏ እየዳበሰች ሰጠቻት። 

*

ቅዳሜ ንፋስ መውጫ አክስቷ ቤት አደረች። እሑድ ጎህ ሳይቀድ መኪና ያዘች፤ ከጠጠሩ መንገድ ወርዳ የቀረውን በእግሯ ገሰገሰች። መርጌታ ገብረ መድኅን ግቢ ስትደርስ ቅዳሴ ወጥቷል። ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ተሰይመዋል። መርጌታ ደጃፋቸው መደብ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ዘካርያስ ከሽማግሌዎቹ ለአንደኛው፣ ለቄስ ዋለ፣ ጠላ ይቀዳል።

አያት። ጠላው ሞልቶ ፈሰሰ።

«ኧረ ተው ልጄ!» አሉ ቄስ ዋለ። «ሠርጉ ሳይደርስ ነጠላዬን አጠመቅኸው!»

ማንጠግቦሽ ጎንበስ ብላ የመርጌታን ጉልበት ሳመች።

«እንደምን ዋሉ የኔታ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የማን ልጅ ነሽ?»

«የወገዳው የሞላልኝ ልጅ። ማንጠግቦሽ እባላለሁ።»

የሽማግሌዎቹ ዋንጫ ባለበት ቀረ።

«ኣ!» አሉ መርጌታ። «ልጄን ሳይጠይቅ ጻፈ ያልሽው የቁጥር አዋቂ አንቺ ነሽ? ታዲያ ምን ቀረሽ? ሌላ ግልባጭ ይዘሽ መጣሽ?»

«አዎ የኔታ። ክሴ በግልባጭ ነው የተሰራጨው፤ ይቅርታዬም ሰው ፊት ይሁን ብዬ ነው።» ወደ ሽማግሌዎቹም ዞረች። «ዘካርያስ ጠይቋል። ሳትጠይቅ የጻፈችው እኔ ነኝ። እሱን ሳልጠይቅ ጻፍኩበት።»

«ማን ነገረሽ?»

ላፕቶፑን ከቦርሳዋ አውጥታ መደቡ ላይ ከፈተችው። ጳጉሜን ሦስትን ጻፈችና ወደ እሳቸው አዞረችው።

«ይህን ቀን ስጽፍለት ምንም የለም ይለኛል። አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም፤ የተሠራው ለፈረንጅ ወር ነው። ይህን ለማሽኑ ማስተማር የእኔ ሥራ ነበር። አላስተማርኩትም፤ አልመረመርኩትምም።»

መርጌታ ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አዩት። ዕድሜ ልካቸውን ባሕረ ሐሳብ ሲያሰሉ ኖረው አንድ ወር እንዲህ ሲሰረቅ ገና ማየታቸው ነው።

«ጳጉሜን የለችም ነው የሚል?»

«አዎ የኔታ።»

«አይ እንግዲህ!» አሉ ቄስ ዋለ። «በየዓመቱ ሱባኤ የምንገባባትን ምን ሊላት ነው?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። የመርጌታም ከንፈር ጫፉ ላይ ነቅነቅ ብሎ ነበር፤ ያዙት።

«እኛ ዘንድ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ተማሪ ዜማ ሲስት አጠገባችን አስቀምጠን እናርመዋለን። ስቷል ብለን ገበያ ላይ አናስለፍፍበትም።»

«ልክ ነው የኔታ።»

«ልክ ነው ማለት ቀላል ነው።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። ዘካርያስ ማሰሮውን እንዳቀፈ ቆሟል። «የበደለችው አንተን ነው። አነጋግራት። ሽማግሌዎቹ ዋንጫቸውን እስኪጨርሱ ነው።»

«ቀስ ብለን እንጠጣለን» አሉ ቄስ ዋለ።

*

ከቤቱ ጀርባ ካለው የድንጋይ አጥር ጋ ቆሙ። በመሀላቸው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለ፤ ሁለቱም አልሞሉትም። ዘካርያስ ከስቷል። ነጠላው ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። 

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት፤ ዓይኑ ድንጋዩ ላይ ነው። «ያመንሽኝ ደብዳቤዬን ስታነቢ ነው፣ ወይስ ማሽንሽ ከመሰከረልኝ በኋላ?»

 ጥያቄው ሁለት መልስ አለው። አንደኛው መልስ ይሄን ክፍተት አሁኑኑ ይሞላዋል፤ ማንም ገልጦ አያያትም፤ በዚያ ዓርብ ከሰዓት በልቧ ምን እንደነበረ የሚያውቅ ሰው የለም።

«ማሽኑ ከመሰከረልህ በኋላ» አለች።

ዘካርያስ ዓይኑን ጨፈነ።

«ደብዳቤህን አንብቤ አዘንኩ። ግን አላመንኩህም። ላፕቶፑን የከፈትኩት አንተን ልመረምር ነው። አምኜህ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ እደውልልህ ነበር።»

«‘ስታነብ አመንኩህ’ ብትይኝ እኮ አምንሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላልሽም?»

«መስከረም አንድ ብዬ ልሙላልህ?» እንባዋ መጣ። «እንደነሱ? ሁሉ ቀን ሳለ የሚቀለውን ቀን ልጻፍልህ? ዘካርያስ፣ ጥፋቴን እንኳ በትክክል ልንገርህ እንጂ። ከዚህ ወዲያ የምሰጥህ ሌላ ነገር የለኝም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ደብተሩን ይዞ የሰው ደጃፍ ላይ ሲቆም፣ እናትየው ቀኑ እስኪመጣላት ሲጠብቅ የሚያይበት ዓይን ነው፤ የማያቻኩል። ማንጠግቦሽ በዚያ ዓይን ሥር የምትቆምበት ቀን ከእንግዲህ አይመጣም ብላ ነበርና አጥሩን ያዘች።

«ከስተሻል» አላት።

«አንተም።»

«እኔስ ጾም ነው እላለሁ።»

«የምን ጾም? ግንቦት ነው።»

ሊስቅ ሲል ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

«ዘካርያስ!» የመርጌታ ድምፅ ከደጃፉ መጣ። «ሽማግሌዎቹ ተነሥተዋል!»

ዘካርያስ ነጠላውን አስተካከለ። ሄደ። ማንጠግቦሽ ተከትላው የቤቱ ጥግ ላይ ቀረች፤ ከዚያ ማለፍ አልቻለችም።

አባቱ ፊት ቆሞ ጎንበስ አለ።

«አባቴ፣ ሽማግሌዎቹ አይሂዱ።»

ቄስ ዋለ ጥምጥማቸውን እየጠመጠሙ ነበር፤ እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

«ሰኞ እሺ አልከኝ» አሉ መርጌታ።

«አልኩዎት። ተናድጄ ነው ያልኩት። በንዴት የሰው ልጅ ቤት አስገብቼ እሷንም እርስዎንም ልበድል አልችልም። ለዚያ ቤት ገና ቃል አልደረሳቸውም፤ ልጅቷም አልሰማች።»

መርጌታ መቋሚያቸውን አንዴ መሬቱ ላይ ወጋ አደረጉ። ዓይናቸው ከልጃቸው አልፎ ጥግ ላይ የቆመችውን ልጅ አገኘ። የተዋሰችው ቀሚስ ያጥራታል። ፊቷን በመዳፏ ጠርጋ አቧራና እንባውን አንድ ላይ ለውሳዋለች።

«የሄደበት እንዲሳካለት የሚዋሽ ስንት አለ» አሉ፤ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። ከአጥሩ ጀርባ የሚባለው ሁሉ እዚህ መደብ ላይ እንደሚሰማ ያኔ ነው ማንጠግቦሽ የገባት። ፊቷ ፍም መሰለ።

«አንቺ ልጅ። አባትሽ ወገዳ ነው የሚኖረው ያልሽኝ?»

«አዎ የኔታ።»

«ወገዳ ሩቅ ነው» አሉ መርጌታ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። «ቄስ ዋለ በእግሩ አይዘልቀውም። በቅሎ ይፈለግለት።»

 ከዚያ ቄስ ዋለ፣ «በቅሎስ ይገኛል፤ እኔ ግን እንግዲህ አንድ ዋንጫ ይጨመርልኝ» እያሉ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ሌሎቹም ሳቅ እያሉ መደቡን ተጋፉበት።

ዘካርያስ ዞሮ አያት። አልነካትም፤ በአባቱ ግቢ፣ በሽማግሌ ፊት እንዴት ተደርጎ። ዓይኑን ብቻ ከእሷ ላይ አላነሣም።

ማንጠግቦሽ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ የኔታ» አለች። ቀስ ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ያኔ ነው እግሯ ያመማት። ከጠጠሩ መንገድ ጀምሮ ጫማዋ ተረከዟን ልጦታል፤ ካልሲዋ በደም ተጣብቋል። ያን ሁሉ መንገድ ስትመጣ ምንም አልተሰማትም ነበር። አሁን ሕመሙ ከተረከዟ ተነሥቶ እየሞቀ፣ እየጠዘጠዘ ሲወጣ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ፀሐይ ላይ ዘረጋችና፣ ደስ ብሏት ታመመች።